መክሊት ምንድን ነው? በሚዛን ላይ የጀመረ ቃል



ከዓመታት በፊት፣ የአትክልት ገበያው ገና በመርካቶና በፒያሳ መካከል በቀድሞ ቦታው ሳለ፣ ለቤተ ክርስቲያን ዝግጅት ሽንኩርት ልገዛ በማለዳ ወደ አትክልት ተራ ሄድኩ። ሌሊቱን ከመቂና ከዝዋይ የገቡት አይሱዙ መኪናዎች ጭነታቸውን ያራግፋሉ፤ ነጋዴው ይጮኻል፤ ጭቃው ያዳልጣል። አንድ ወጣት ኩንታል ሽንኩርት በጀርባው አዝሎ “መንገድ! ሸክም ነው!” እያለ አልፎኝ ሄደና ከሚዛኑ አጠገብ አወረደው። ቀና ሲል ተያየን። ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን የጠፋ ልጅ ነበር።

ይህ ወጣት በዚያን ጊዜ መዘምራን ለመሆን ፈልጎ ተፈትኖ ነበር፤ ድምፁ ግን አላለፈም። ቢሮዬ መጥቶ ሲያዝንብኝ እኔ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ “አይዞህ፣ መክሊትህ ሌላ ይሆናል፤ ፈልገው” ብዬ ሸኘሁት። መልካም ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ያን ዕለት አትክልት ተራ ላይ ሰላም ከተባባልን በኋላ ለምን እንደ ጠፋ ጠየቅሁት። እርሱም በቁጣ ሳይሆን በትሕትና “ፓስተር፣ መክሊትህን ፈልግ ብለውኝ ነበር። ፈልጌ አጣሁት። ጌታ ለአንዳንዱ ሰው ምንም ሳይሰጥ ያልፋል መሰለኝ” አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህ መልስ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ስንት ጊዜ በመድረክ ላይ “መክሊት፣ መክሊት” ብዬ እንደ ሰበክሁ አሰብኩ። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ለዚህ ወጣት አንድ ቀን እንኳ አስረድቼው አላውቅም። ስለዚህ መጻሕፍቴን ገለጥኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ሀ. ቃሉ ከየት መጣ?

ዛሬ ወጣቶቻችን በእንግሊዝኛው “ታለንት አለው” ይላሉ። በአማርኛም “መክሊቱ ነው” ስንል ያው አንድ ነገር ማለታችን ነው፤ በተፈጥሮ ያገኘው ልዩ ችሎታ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ቃላት በመጀመሪያ ከችሎታ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም። የክብደት መለኪያ ነበሩ።

እንግሊዝኛው ቃል በላቲን በኩል ከግሪኩ “ታላንቶን” የመጣ ነው። ታላንቶን በጥንቱ ግሪክ ሚዛን ማለት ነበር። ሆሜር በግጥሙ ዜኡስ የተባለው የግሪኮች ጣዖት የሰዎችን ዕጣ በወርቅ ሚዛን ሲመዝን የሚያሳየው በዚሁ ቃል ነው። ቆይቶም ቃሉ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውን ክብደት፣ ከዚያም በዚያ ክብደት የሚመዘነውን ብርና ወርቅ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ቃሉ የተወለደው በመድረክ ላይ ሳይሆን ልክ እንደ አትክልት ተራ ባለ ገበያ፣ በሚዛን አጠገብ ነው ማለት ይቻላል።

የቃሉ ሥር ደግሞ “ተሸከመ፣ ቻለ፣ ታገሠ” ከሚል የግሪክ ግስ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ቋንቋ ልብ በሉ። በአማርኛ “ችሎታ” የሚለው ቃል “ቻለ” ከሚለው ግስ የወጣ ነው። “ቻለ” ስንል ግን ሁለት ነገር እንላለን። “ሥራውን ቻለ” ስንል አወቀበት ማለታችን ነው፤ “መከራውን ቻለ” ስንል ደግሞ ተሸከመው፣ ታገሠው ማለታችን ነው። እግዚአብሔርን “ሁሉን ቻይ” እንለዋለን፤ ታጋሽ ሰውንም “ቻይ ነው” እንለዋለን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስንማር መምህሮቻችን አጥብቀው ያስጠነቀቁን አንድ ነገር አለ፤ ትምህርት በቃል ሥር ላይ ብቻ አይመሠረትም። ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው በተነገረበት ዐውድ ነው። ስለዚህ ይህን የቃል ታሪክ የማነሣው ምሥጢር ላወጣበት ሳይሆን ወደ ምሳሌው ስንገባ የጌታን ቃል የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እንደ ሰሙት እንድንሰማ ነው።

ለ. አንድ መክሊት ምን ያህል ነው?

በብሉይ ኪዳን መክሊት ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል “ኪካር” ሲሆን መሠረታዊ ትርጉሙ ክብ ነገር ማለት ነው፤ ለድቡልቡል ዳቦም ያገለግላል። መጠኑን ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ያስላልናል። በዘጸ. 38፥25-26 እንደምናነበው 603,550 ሰዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰቅል ሰጡ፤ ይህም 301,775 ሰቅል ይሆናል። ይኸው ገንዘብ ደግሞ 100 መክሊትና 1,775 ሰቅል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ነበር ማለት ነው። አንድ ሰቅል ወደ 11 ግራም ተኩል ገደማ ስለሚመዝን አንድ መክሊት ወደ 34 ኪሎ ይጠጋል። በእኛ አገር ልኬት ሁለት ፈረሱላ መሆኑ ነው። የግሪኮቹ መክሊት ከዚህ ቀለል ይል ነበር፤ ወደ 26 ኪሎ ያህል ይሆናል።

ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት፦

1. በመገናኛው ድንኳን የነበረው መቅረዝ ከነዕቃው የተሠራው ከአንድ መክሊት ንጹሕ ወርቅ ነበር (ዘጸ. 25፥39)።

2. ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን ያመጣችው ወርቅ 120 መክሊት ነበር (1ኛ ነገ. 10፥10)። ይህ ከአርባ ኩንታል የሚያንስ አይደለም።

3. ግያዝ ከንዕማን በማታለል ሁለት መክሊት ብር በተቀበለ ጊዜ ብሩ በሁለት ከረጢት ታስሮ ሁለት አገልጋዮች ተሸክመውለታል (2ኛ ነገ. 5፥23)። ከዚህ እንደምንረዳው አንድ መክሊት የአንድ ሰው ሸክም ያህል ነበር።

በአዲስ ኪዳን ዘመን ደግሞ አንድ መክሊት ብር ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ነበር። በማቴ. 20፥2 ላይ እንደምናየው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። በዓመት ሦስት መቶ ቀን የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ስድስት ሺህ ዲናር ለማግኘት ሃያ ዓመት ይፈጅበታል። አምስት መክሊት የመቶ ዓመት፣ ሁለት መክሊት የአርባ ዓመት፣ አንድ መክሊት የሃያ ዓመት ደመወዝ ነው!

እንግዲህ “አንድ ብቻ የተሰጠው” እያልን የምናዝንለት ሦስተኛው ባሪያ በእጁ ምን እንደ ያዘ ተመልከቱ። አንድ ተሸካሚ ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባውን አጉብጦ የሚያገኘውን ገንዘብ በአንድ ቀን ተረክቧል። በጌታ ቤት “ጥቂት የተሰጠው” የምንለው ሰው እንኳ የተሰጠው እጅግ ብዙ ነው።

ሐ. ክብደት የነበረው ቃል እንዴት ችሎታ ሆነ?

ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ ማቴ. 25፥14-30። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሰባክያን ይህን ምሳሌ ደጋግመው ሲያስተምሩ መክሊቱን እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ስጦታ ነው ብለው ተረጎሙት። በ15ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ቃሉ በእንግሊዝኛ ልዩ የተፈጥሮ ችሎታን ማመልከት ጀመረ። ዛሬ እግር ኳስ ተጫዋችን “ታለንት አለው” የሚል ሰው የኢየሱስን ምሳሌ እየጠቀሰ መሆኑን አያውቅም።

በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ጆን ሚልተን በ1652 እ.ኤ.አ. ገደማ ሁለቱም ዐይኖቹ ታወሩ። በዚያ ኀዘን ውስጥ ሆኖ በጻፈው አጭር ግጥም ይህንኑ ምሳሌ አንሥቶ “አንዱን መክሊቴን ሳልሠራበት እንዳልቀር” የሚል ፍርሃቱን ገልጿል። ለእርሱ መክሊት የሚለው ቃል ገንዘብንም የመጻፍ ችሎታንም የሚያመለክት ሆኖ ነበር።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ “መክሊት” ሲል አዲሱ መደበኛ ትርጉም “ታላንት” ይላል። በሁለቱም ትርጉሞች የሚነገረው ስለ ገንዘብ መጠን ነው። በአነጋገራችን ግን መክሊት ማለት ተሰጥኦ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ከዚህም ጠብቦ መዝሙር፣ ስብከትና መሣሪያ መጫወት ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያ ወጣት “ፈልጌ አጣሁት” ያለው ይህንን ነበር።

መ. በምሳሌው ውስጥ መክሊትና አቅም አንድ አይደሉም

ማቴ. 25፥15ን በጥንቃቄ ስናነብ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ነገር እናገኛለን። ጌታው መክሊቱን የሰጠው ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ ነው። በግሪኩ አቅም የሚለው “ዱናሚስ” ነው፤ ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ አቅም አንድ ነገር ነው፤ መክሊት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ባሪያው አቅም ነበረው፤ በዚያ አቅም ላይ ጌታው የራሱን ገንዘብ አኖረበት።

ይህ በአትክልት ተራ ቋንቋ ለመረዳት ቀላል ነው። ተሸካሚው ጀርባ አለው፤ ያ አቅሙ ነው። በጀርባው ላይ ያለው ሽንኩርት ግን የእርሱ አይደለም። የነጋዴው ነው። ነጋዴው ለልጅ እግሩ ቀለል ያለውን፣ ለጎልማሳው ኩንታሉን ያሸክማል። ማንም ተሸካሚ በተሸከመው ሽንኩርት “የእኔ ነው” ብሎ አይኮራም፤ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ አደራውን አደረሰ ወይስ አላደረሰም?

ከዚህ ሦስት እውነቶችን እንማራለን፦

1. መክሊቱ የጌታው ነው። ምሳሌው የሚጀምረው ሰውየው የራሱን ንብረት ለባሪያዎቹ በመስጠቱ ነው (ቁ. 14)። ሐዋርያው ጳውሎስም ያልተቀበልነው ምን እንዳለን ይጠይቀናል (1ኛ ቆሮ. 4፥7)። ስለዚህ ባለ አምስት መክሊቱ የሚመካበት ምክንያት የለውም፤ አቅሙም ቢሆን የፈጣሪው ስጦታ ነው።

2. መጠኑ ይለያያል፤ ምስጋናው ግን አይለያይም። ቁጥር 21ንና ቁጥር 23ን አነጻጽሯቸው። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው ከጌታቸው የሰሙት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው። ጌታ ያመሰገነው ታማኝነታቸውን ነው።

3. ባዶ እጁን የቀረ የለም። ሦስቱም ተቀብለዋል። በሉቃ. 19፥13 ላይ ባለው ተመሳሳይ ምሳሌ ደግሞ አሥሩም ባሪያዎች እያንዳንዳቸው እኩል አንድ ምናን ተቀብለዋል። ምናን የመክሊት ስድሳኛ እጅ ነው። “ጌታ ምንም ሳይሰጥ ያልፋል” የሚል ትምህርት በሁለቱም ምሳሌዎች ውስጥ የለም።

ሠ. ታዲያ መክሊቱ ምንድን ነው?

ይህ ምሳሌ የተነገረው ጌታ ስለ ዳግም ምጽአቱ ባስተማረበት ክፍል ነው። ከፊቱ የአሥሩ ቆነጃጅት ምሳሌ አለ፤ ከኋላው የበጎችና የፍየሎች ፍርድ ይከተላል። በዚያ ፍርድ ጌታ የሚያነሣው ለተራበ ስለ ተሰጠ መብል፣ ለታረዘ ስለ ተሰጠ ልብስ፣ በወኅኒ ስለ ተጠየቀ እስረኛ ነው (ማቴ. 25፥35-36)። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ድምፅ ማሳመር አልተጠቀሰም።

ስለዚህ መክሊት ጌታ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ በአደራ የሰጠን ሁሉ ነው ብንል ከዐውዱ አንርቅም። ከሁሉ በፊት የተሰማነው ወንጌል ራሱ አደራ ነው። የጸጋ ስጦታዎች አሉ፤ ጳውሎስ በሮሜ 12፥6-8 ሲዘረዝራቸው ከማስተማር ጋር ማገልገልን፣ መስጠትንና መማርን ማለትም ምሕረት ማድረግን አንድ ላይ ያነሣል። የእጅ ሙያም አለ፤ ባስልኤል በወርቅ፣ በናስና በእንጨት እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት እናነባለን (ዘጸ. 31፥2-5)። ሀብት ለማፍራት የሚያስችል ጉልበትም ከእግዚአብሔር ነው (ዘዳ. 8፥18)። ጊዜያችን፣ ጎረቤታችን፣ ፊደል መቁጠራችን፣ ሰው የሚያምነን መሆናችን ሁሉ በእጃችን ያለ የጌታ ንብረት ነው።

ዝማሬም መክሊት ነው፤ ይህን የምጽፈው መዘምራኖቻችንን ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን ሚዛን አጠገብ ቆማ ኪሎ የማታጎድል እህትም ጌታ የሚወደውን ትሠራለች። እግዚአብሔር እውነተኛ ሚዛንን እንደሚወድ፣ ሐሰተኛውንም እንደሚጸየፍ ቃሉ ደጋግሞ ይነግረናል (ዘሌ. 19፥35-36፤ ምሳ. 11፥1)። ከሚዛን የተወለደው ቃል ወደ ሚዛን ቢመለስ ምን ይገርማል?

ረ. የቀበረው ባሪያ ስሕተቱ ምን ነበር?

ገንዘብን መሬት ውስጥ መቅበር በዚያ ዘመን የተለመደ ጥንቃቄ ነበር፤ ጌታ ራሱ በእርሻ ውስጥ ስለ ተሰወረ መዝገብ ተናግሯል (ማቴ. 13፥44)። ባሪያው ገንዘቡን አልሰረቀም፤ አላባከነም። እንደ ተቀበለው መለሰው። ታዲያ ለምን ተፈረደበት?

በመጀመሪያ፣ ስለ ጌታው የነበረው አሳብ የተበላሸ ነበር። ጨካኝ ነው ብሎ ደመደመ፤ ስለዚህም ፈራ (ቁ. 24-25)። የሃያ ዓመት ደመወዝ አምኖ የሰጠውን ጌታ ንፉግ አደረገው። ሁለተኛ፣ ፍርሃቱ የስንፍናው መሸፈኛ ነበር። ጌታው እንደ ነገረው፣ ቢፈራ እንኳ ገንዘቡን ለለዋጮች አደራ መስጠት ይችል ነበር (ቁ. 27)። ትንሿንና ቀላሏን ነገር እንኳ አላደረገም።

ነገር ግን እኛ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ራሳችንን እንጠይቅ። አንዳንዱ ሰው መክሊቱን የሚቀብረው በራሱ እጅ ብቻ ነውን? ወይስ እኛም አካፋ አቀብለነዋል? ማይክሮፎን ያልያዘውን ሁሉ “ገና መክሊቱን ያላገኘ” ብለን ስንቆጥር፣ በመድረክ ላይ የሚታየውን ብቻ ስናጨበጭብለት፣ የቀሩት ቅዱሳን ስለ ጌታቸው ምን እንዲያስቡ እያስተማርናቸው ነው? ያ ወጣት ጌታን እንደ ዘለለው ሰው እንዲያስብ ያደረገው የእኔ ምክር ነበር። ይህን ሳልሸፋፍን እናዘዛለሁ።

ሰ. ሁለት ፈረሱላ

በሚቀጥለው ሳምንት ሽንኩርት ሳያስፈልገኝ ወደ አትክልት ተራ ተመለስኩ። ወጣቱ ሥራ ሲቀዘቅዝለት ሻይ ይዘን ተቀመጥንና ያነበብኩትን ነገርኩት። አንድ መክሊት ሁለት ፈረሱላ ያህል እንደሚመዝን ስነግረው ሳቀ፤ “እሱማ ቀላል ነው፣ ፓስተር!” አለኝ። የሃያ ዓመት ደመወዝ መሆኑን ስነግረው ግን ዝም አለ።

ከዚያ “በአንተ እጅ ምን አደራ አለ?” ብዬ ጠየቅሁት። አሰበና ነጋዴው የዕለቱን ሽያጭ ወደ ባንክ የሚልከው በእርሱ እጅ መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎም እንደ ተራ ነገር “ማታ ማታ አብረውኝ ለሚያድሩት ልጆች ወንጌል አነብላቸዋለሁ፤ ከመካከላችን ማንበብ የሚችለው እኔ ነኝ። ሁለቱ አሁን መጸለይ ጀምረዋል” አለ።

ወገኖቼ፣ እኔ መክሊትህን ፈልግ ብዬ ያሰናበትሁት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ርቆ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ ስሙን እንኳ ሳያውቀው በመክሊቱ ይነግድ ነበር! ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር አለኝ። ወደ እኛ ጉባኤ ግን አልተመለሰም፤ ለማደሪያው የሚቀርብ ሌላ ኅብረት አግኝቷል። ለእርሱ ደስ ይለኛል፤ እኛ ግን አንድ ባለ አደራ ወንድም አጥተናል።

የአትክልት ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በላፍቶ በኩል ወዳለው ሐይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ሚዛኖቹና ተሸካሚዎቹም አብረው ሄዱ። ቦታው ቢለወጥም የተሸካሚው ጥያቄ አልተለወጠም፤ የጫነኝ ማን ነው? የት አድርስ ብሎኛል?

የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ እናንተም “መክሊቴ የት ነው?” እያላችሁ ሩቅ ከመፈለጋችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ተመልከቱ። “ምን ችሎታ አለኝ?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን ወይ ያስታብያል ወይ ተስፋ ያስቆርጣል። “ጌታዬ ምን አደራ ሰጥቶኛል?” የሚለው ግን ለሥራ ያስነሣል። ጌታው ሲዘገይ ይችላል፤ መምጣቱ ግን አይቀርም (ቁ. 19)። በመጣም ጊዜ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ታማኝነታችን ነው።

ሁሉን ቻይ የሆነው አምላክ የሰጠንን አደራ የምንሸከምበት አቅም ይስጠን። አሜን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።